የአክስቴን ኪኒን ልዋጠው?

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ፣ የምጽፍላችሁ ከኮምቦልቻ ነው፣ 39 ዓመቴ ነው። ጡቴ ላይ ካንሰር ተገኝቶ ኦፕራሲዮን ሆኜ ኪሞም ጨርሼ አሁን ታሞክሲፈን ላይ ነኝ። ደሴ ያሉት አክስቴም ይሄው በሽታ አለባቸው፣ እሳቸው 64 ናቸው፣ የታዘዘላቸው ግን ሌትሮዞል ነው። ሰሞኑን የኔ አልቆ ፋርማሲ ባፈላልግ አጣሁ፣ አክስቴ ደሞ «ከኔ ውሰጂ፣ ያው የሆርሞን አይደል» አሉኝ። የኔም የወር አበባ ከኪሞው ወዲህ ቀርቷል፣ እንደሳቸው አርጫለሁ ማለት ነው? እሳቸውስ ካረጡ ስንት ዘመናቸው፣ የምን ሆርሞን ቀርቷቸው ነው?

መልስ፦ እህቴ አብሽሪ፣ የሳቸውን ኪኒን ግን እንዳትነኪው። ከመጨረሻው ጥያቄሽ ልጀምር።

የወር አበባ በምታይ ሴት ኢስትሮጅን፣ ማለትም ያንቺንና የአክስትሽን ዓይነት ካንሰር የሚመግበው የሴት ሆርሞን፣ በብዛት የሚመረተው ኦቫሪ (እንቁላል የሚወጣበት ክፍል) ውስጥ ነው። ስታርጥ ኦቫሪው ያቆማል፣ ደም ውስጥ ያለው ኢስትሮጅንም በጣም ይወርዳል፣ ግን ጨርሶ አይጠፋም፣ ምክንያቱም ከኩላሊት በላይ ያሉት አድሬናል እጢዎች አንድሮጅን የሚባለውን የወንድ ሆርሞን ማመንጨታቸውን ይቀጥላሉ፣ ስብ፣ ጡንቻና ጡት ውስጥ ያለው አሮማቴዝ የሚባል ኢንዛይም ደሞ እሱን ወደ ኢስትሮጅን ይቀይረዋል። የሚገርመው፣ ባረጡ ሴቶች ካንሰሩ ውስጥ ያለው ኢስትራዲዮል (ኃይለኛው የኢስትሮጅን ዓይነት) ሲለካ ደማቸው ውስጥ ካለው 10 እጥፍና ከዚያም በላይ ሆኖ ተገኝቷል፣ ካላረጡት ካንሰር ጋርም ተቀራራቢ ነው። በራሱ ጓዳ ያበስላል በይው። ሰልፋቴዝ የሚባል ሌላ ኢንዛይምም አለ፣ በደም የሚዞረውን ኢስትሮን ሰልፌት፣ ያልነቃውን የኢስትሮጅን ዓይነት፣ ወደ ኢስትሮን ይመልሰዋል፣ ኢስትሮኑም በሌላ ኢንዛይም ኃይለኛው ኢስትራዲዮል ይሆናል። ስለዚህ ካረጡ በኋላም የሆርሞን መድኃኒት ያስፈልጋል።

ሌትሮዞል የሚያስቆመው አሮማቴዝን ነው፣ ለአክስትሽ ዋናው ምንጭ እሱ ስለሆነ ይበቃቸዋል። ባንቺ እድሜ ግን ኦቫሪው ገና ሊሠራ ይችላል፣ ኢስትሮጅን ሲቀንስ አንጎል ይሰማዋል፣ ኤፍኤስኤች የሚባለውን ሆርሞን ጨምሮ ኦቫሪውን ይቀሰቅሰዋል። እርግዝና እምቢ ላላቸው ሴቶች እንቁላል እንዲወጣ ሐኪሞች የሚያዙት እኮ ይሄንኑ ሌትሮዞል ነው! ያላረጠች ሴት ለጡት ካንሰር ከወሰደችው ኦቫሪዋ እንደ ጎሰረሊን ባለ መርፌ መታገድ ወይም በኦፕራሲዮን መውጣት አለበት፤ ኦቫሪ ማውጣት የተስፋፋ የጡት ካንሰርን ሊያስታግስ እንደሚችል እኮ ጆርጅ ቢትሰን የሚባል የስኮትላንድ ሐኪም በ1896 እኤአ ጽፎታል። ታሞክሲፈን ግን ኢስትሮጅኑን አያስቆምም፣ የካንሰሩ ሴል ውስጥ ያለውን የኢስትሮጅን ተቀባይ ነው የሚይዝበት፣ ያረጠችም ያላረጠችም የምትወስደው ለዚህ ነው።

የወር አበባሽ በኪሞ መቅረቱን ደሞ እንደ ማረጥ አትቁጠሪው፣ ኪሞ ኦቫሪን ለጊዜው ሊያስተኛው ይችላል፣ ከወራት በኋላ አንዳንዴም ከዓመት በላይ ቆይቶ ይነቃል። የወር አበባ ሳታዪ ልታረግዢም ትችያለሽ፣ ታሞክሲፈን ደሞ ፅንስ ይጎዳል፣ ስለዚህ ሆርሞን የሌለው መከላከያ ለምሳሌ ሉፕ ይሰጥሽ እንደሆነ ጠይቂ።

ታሞክሲፈን ከሰውነት ቀስ ብሎ ነው የሚወጣው፣ ጥቂት ቀን ስላለፈሽ አትደንግጪ፣ ግን ዛሬውኑ ሐኪምሽ ጋ ደውዪ፣ መድኃኒቱ ደሴ ካለም ወጥተሽ አምጪ፣ ሲገኝ ደሞ የወራት ያህል እንዲጻፍልሽ ለምኝ። ታሞክሲፈን እየወሰድሽ አንድ እግርሽ ካበጠ ወይ ትንፋሽ ካጠረሽ ሐኪም ቤት ለመሄድ አትቆዪ፣ ያልተለመደ የማህፀን ደም ካየሽም ለሐኪምሽ ንገሪ። አክስትሽም ሌትሮዞል አጥንት ስለሚያሳሳ መገጣጠሚያም ስለሚያሳምም የአጥንታቸውን ነገር እንዲያዩላቸው ለሐኪማቸው ይንገሩ፣ ሕመሙ ቢብስባቸውም በራሳቸው አያቁሙት፣ የሚቀየር ሌላ ኪኒን አለ።