ለእንግሊዝኛው የተለየ ፈተና አዎ፣ ለሂሳቡ ግን አይሁን

እህቴ፣ ጥያቄሽን አነበብኩት። ልጅሽ ከአዲስ አበባ መጥቶ 6ኛ ክፍል ገባ፤ ኢሶል ተባለ (እንግሊዝኛ የአፍ መፍቻ ቋንቋቸው ላልሆነ ልጆች የሚሰጠው የእንግሊዝኛ ድጋፍ ትምህርት ነው)፤ የሂሳቡንና የንባቡን ፈተና ግን እዚሁ ተወልደው ካደጉት እኩል ተፈትኖ ውጤቱ ዝቅ አለ። «ለእንደዚህ ዓይነት ልጆች ለብቻቸው ቀለል ያለ ትምህርትና ፈተና ለምን አይዘጋጅም?» ብለሻል። ሰሜን ቨርጂኒያ ውስጥ ከኢሶል መምህራን ጋር በረዳትነት ስለምሠራ ይህንኑ ጥያቄ ከብዙ ወላጆቻችን እሰማለሁ።

እኔ የማምነው እንዲህ ነው። እንግሊዝኛውን ብቻ የሚለካ የተለየ መስፈርትና ፈተና ያስፈልጋል፣ ደግሞም አለ። ለሂሳብ፣ ለሳይንስና ለታሪክ ግን ዝቅ ያለ መስፈርት ቢሰጡሽ እንኳ እንዳትቀበዪ።

መጀመሪያ ስላለው ልንገርሽ። እ.ኤ.አ. በ2015 የወጣው የአሜሪካ የፌዴራል የትምህርት ሕግ እያንዳንዱ ስቴት እንግሊዝኛ ገና የሚማሩ ልጆችን በየዓመቱ እንግሊዝኛ በማዳመጥ፣ በመናገር፣ በማንበብና በመጻፍ እንዲፈትን ያስገድዳል። እኛ ጋ ቨርጂኒያ፣ እንዲሁም በሜሪላንድ፣ በዲሲና በሚኒሶታ ለዚህ የሚያገለግለው ዋይዳ የተባለው የስቴቶች ጥምረት የሚያዘጋጀው አክሰስ የተባለ ፈተና ነው፤ ካሊፎርኒያና ቴክሳስ የየራሳቸው አላቸው። የአክሰስ ውጤት ከ1 እስከ 6 ይሰጣል፤ ከፍተኛው 6 ነው። አክሰስ ልጁ ሂሳብ ይችላል አይችልም አይልም። በሂሳብ ወይም በሳይንስ ክፍል የሚነገረውንና የሚጻፈውን እንግሊዝኛ ምን ያህል እንደሚከታተል ነው የሚያየው።

የአክሰስ ውጤት ወረቀቱ ሲመጣልሽ ድምሩን ብቻ አይተሽ አታስቀምጪው፤ አራቱን ክፍሎች ለየብቻ ተመልከቺ። እኔ በምሠራበት ቦታ የእኛ ልጆች ብዙ ጊዜ የሚወድቁት በመናገር ነው። ፈተናው በኮምፒውተር ነው፤ ልጁ ማዳመጫውን አድርጎ ጥያቄውን ይሰማል፣ መልሱን ለማሽኑ ይናገራል፣ ድምፁ ይቀረጻል። ነጥብ የሚያስገኘው ምክንያቱን እየዘረዘረ ረዘም አድርጎ ሲያስረዳ ነው። ልጆቻችን ደግሞ ትልቅ ሰው ሲጠይቃቸው አንገታቸውን ደፍተው በአጭሩ መመለስን ተምረው ነው የመጡት። በእረፍት ሰዓት ከጓደኞቹ ጋር ሲያወራ የማይቆም ልጅ እዚያ ጋ ሁለት ቃል ብሎ ዝም ይላል። ቤት ውስጥ በአማርኛም ቢሆን «እንዴት ሠራኸው? ለምን?» እያልሽ እንዲያስረዳሽ አድርጊ። በአማርኛ ማስረዳት የለመደ ልጅ በእንግሊዝኛም ይደፍራል።

አሁን ወደ ሂሳቡ። ክፍልፋይን በቃላቸው የሚሠሩ፣ ቁጥሩን ሲያዩ ወዲያው መልሱን የሚያመጡ ልጆች አይቻለሁ። ያው ጥያቄ በአራት መስመር ታሪክ ሲመጣ ግን እርሳሳቸውን ያስቀምጣሉ። በአዲስ አበባ የመንግሥት ትምህርት ቤት የተማረ ልጅ እስከ 6ኛ ክፍል ሂሳቡን በአብዛኛው በአማርኛ ነው የተማረው፤ ስለዚህ እውቀቱ አለ፣ የጎደለው የጥያቄው ቋንቋ ነው። ይህን ልጅ ቀለል ያለ ሂሳብ ክፍል ብታስገቢው ምን ይሆናል? እንግሊዝኛው ሲስተካከል እኩዮቹ አልጀብራ ላይ ናቸው፣ እሱ ገና የሚያውቀውን እየደገመ ነው። ያንን ክፍተት በሃይስኩል መድፈን በጣም ከባድ ነው፤ ኮሌጅ ላይም ይከተለዋል።

በሌላ በኩል «ሁሉም እኩል መጽሐፍ፣ እኩል ፈተና» ብሎ መተውም ፍትሕ አይደለም። ይህን የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በ1974 ወስኖታል። በሳን ፍራንሲስኮ ቻይናውያን ተማሪዎች ስም በቀረበ ክስ፣ እንግሊዝኛ ለማይገባው ልጅ ያንኑ መጽሐፍና ያንኑ መምህር መስጠት እኩልነት እንዳልሆነ ዳኞቹ ተናግረዋል። ስለዚህ መስፈርቱ አንድ ይሁን፣ ድጋፉ ይለይ ነው የምለው። ተጨማሪ ሰዓት፣ ከእንግሊዝኛ ወደ አማርኛ ቃሉን በቃል ብቻ የሚተረጉም መዝገበ ቃላት፣ ጥያቄው እንዲነበብለት ማድረግ አለ። እነዚህ ግን በፈተናው ዕለት ድንገት ቢሰጡት አይጠቅሙትም፤ ዓመቱን ሙሉ ክፍል ውስጥ ሊለምዳቸው ይገባል። በአማርኛ የተተረጎመ ፈተና እስኪመጣ አትጠብቂ፤ ትርጉም ያላቸው ስቴቶች በአብዛኛው ያላቸው በስፓኒሽ ነው።

አንድ የምቃወመው ነገር አለ። አዲስ የመጣ ልጅ በመጀመሪያዎቹ 12 ወራት ከእንግሊዝኛ ንባብ ፈተና አንድ ጊዜ ስቴቱ ነፃ ሊያደርገው ይችላል፤ ከሂሳብ ግን አይቀርም። አንድ ዓመት አይበቃም። የመጫወቻ እንግሊዝኛ ቶሎ ይመጣል፣ የመማሪያው ግን ዓመታት ይፈልጋል። ሕጉ መለወጥ ካለበት እዚህ ላይ ነው። እስከዚያው በመጀመሪያው ዓመት ውጤት ልጁን አትቆጪው።

ብዙ ወላጆች «ኢሶል ስም ያጎድፋል» ብለው ልጁን ያስወጡታል። መብትሽ ነው፤ ግን ልጁ እርዳታውን ያጣል እንጂ ዓመታዊው አክሰስ አይቀርለትም። ከማስወጣትሽ በፊት ቀጠሮ ያዢና ሦስት ነገር ጠይቂ፦ በአራቱ ክፍሎች ያገኘው ውጤት ስንት ነው? በፈተና ላይ የተፈቀደለት ድጋፍ የትኛው ነው፣ በክፍልስ ይጠቀምበታል? የሚማረው ሂሳብ የክፍሉ ደረጃ ነው ወይስ ዝቅ ያለ? አስተርጓሚ በነፃ እንዲያቀርብልሽ ትምህርት ቤቱን ጠይቂ። ልጅሽን አታስተርጉሚው፤ ስለራሱ ድክመት የሚነገረውን ለእናቱ እንዲተረጉም ማድረግ ይከብደዋል።