ስልኩ ከትራሱ ሥር የሚያድረው ባል

ጥያቄ፦ «የምጽፍልዎ ከስዊዘርላንድ ነው። ባለቤቴ ባሎች ከሚባለው ሕዝብ ነው፤ የፓኪስታኗ ባሎቺስታን ሰው። ከተጋባን ዘጠኝ ዓመታችን ነው፤ ሁለት ልጆች አሉን። ቅዳሜና እሁድ ሰልፍና ስብሰባ ላይ ነው የሚውለው። ስልኩን ሌሊት እንኳ አያጠፋም፤ ከትራሱ ሥር ያድራል። ሳሎናችን ውስጥ የእናቴ ፎቶ የለም፤ የመሪያቸው ግን ተሰቅሏል። 'ወይ እኛን ወይ ፖለቲካህን ምረጥ' አልኩት። ዝም አለኝ። ምን ላድርግ?»

መልስ፦ እህቴ፣ ደብዳቤሽን ደጋግሜ አነበብኩት። እዚህ ያሳጠርኩት ለአንባቢ ብዬ ነው። ሙሉው ላይ ግን ግማሹ ስለ ባልሽ አይደለም፤ ፎቶው ሳሎናችሁ ውስጥ ስለተሰቀለው መሪ፣ ስለ ብራሁምዳግ ቡግቲ ነው። በአያቱ፣ በጎሳ መሪው በነዋብ አክባር ቡግቲ እጅ ማደጉን፣ አያቱ እ.ኤ.አ. በ2006 ተራራ ላይ በወታደራዊ ዘመቻ መሞታቸውን፣ እሱ ወደ አፍጋኒስታን መሸሹን፣ በ2010 ስዊዘርላንድ መግባቱን፣ በ2017 ጥገኝነት መከልከሉን ጽፈሽልኛል። እህቱና የእህቱ ልጅ በ2012 ካራቺ ውስጥ መገደላቸውንም አልዘለልሽም። ፖለቲካ የሰለቸው ሰው ይህን ሁሉ አይዝም። ሌሊት ልጆቹ ከተኙ በኋላ እያነበብሽ ነው። የልጆችሽን ዕጣ በዚያ ሰው ሕይወት ውስጥ እየፈለግሽ ይመስለኛል። ቁጣ ብለሽ የጻፍሽልኝ ነገር ፍርሃት ነው። ለባልሽ ግን «ፈርቻለሁ» አላልሽውም። «ምረጥ» ነው ያልሽው።

ሌላም አለ። ስለ ቤት ኪራይ ካማረርሽ በኋላ፣ በአንዲት መስመር፣ «ታናሽ ወንድሙን ባሎቺስታን ውስጥ፣ ኩዌታ ከተማ ላይ ከወሰዱት ስድስት ዓመት ሆነው፤ ይኑር ይሙት አይታወቅም» ብለሽ አለፍሽ። ከዚያ ወደ ስልኩ ተመለስሽ። እኔ ግን እዚያች መስመር ላይ ቀረሁ።

ባደግኩበት ሰፈር አንዲት እናት ነበሩ። ልጃቸው በቀይ ሽብር ጊዜ ተወስዶ የቀረ። ማታ በራቸውን ሲዘጉ መቀርቀሪያውን አይጥሉም ነበር። ጎረቤት «ሌባ ይገባብዎታል» ሲላቸው ይቆጣሉ። ልጅ ስለነበርኩ አይገባኝም ነበር። አሁን ሳስበው፣ ያ መቀርቀሪያ የባልሽ ስልክ ነው።

እኛ ሐዘን እናውቅበታለን። መርዶ ይነገራል፣ ድንኳን ይጣላል፣ ዘመድ ይሰበሰባል፣ ይለቀሳል። ሰው እርሙን ያወጣል። መርዶ ያልመጣለትስ? ቢያለቅስ ወንድሙን በቁሙ የቀበረው ይመስለዋል። ቢስቅ የረሳው ይመስለዋል። ፖሊን ቦስ የምትባል አሜሪካዊት ተመራማሪ፣ በቬትናም ጦርነት የጠፉ አብራሪዎችን ሚስቶች አጥንታ፣ ይህ ራሱን የቻለ ሐዘን መሆኑን አሳይታለች። እኔ «ቁርጡ ያልታወቀ ሐዘን» እለዋለሁ። በጊዜ ብዛት የማይቀልለት ለዚህ ነው፤ ሰውየው ሐዘኑን ገና አልጀመረውማ።

አክባር ቡግቲ ባሎቺስታን ውስጥ፣ ዴራ ቡግቲ በሚባል ቦታ የተቀበሩት በታሸገ ሣጥን ነው። ልጆቻቸው ቀብሩ ላይ አልነበሩም። የልጅ ልጃቸው ብራሁምዳግም በአያቱ መቃብር ላይ አላለቀሰም። የፓኪስታን መንግሥት አሸባሪ ይለዋል፣ ደጋፊዎቹ የመብት ታጋይ ይሉታል፤ ያንን መዳኘት የኔ ሥራ አይደለም። ግን ባልሽ ያንን ፎቶ የሰቀለው ለፖለቲካው ብቻ ነው ብዬ ለማመን ይቸግረኛል። ሰልፉም እንደዚያው። የጠፉ ሰዎች ፎቶ ተይዞ የሚወጣበት ሰልፍ ለሱ ለቅሶ ቤት ሊሆን ይችላል፤ የወንድሙ ስም ጮክ ተብሎ የሚጠራበት ብቸኛው ቦታ። ስለዚህ አንቺ «ተወው» ስትዪው፣ እሱ የሚሰማው «ወንድምህን ቅበረው» የሚል ነው። ዝም ያለው ንቆሽ አይመስለኝም። ለዚህ መልስ የለውም።

ይህን ስል ድካምሽን ማቃለሌ አይደለም። ልጆቹን ብቻሽን ማሳደግ የለብሽም። ፍርሃትሽም ከንቱ አይደለም፤ ማስፈራሪያ ደርሷችሁ ከሆነ ለፖሊስ ማሳወቅ ግድ ነው።

ምናልባት ይህን ሞክሪ። «ምረጥ» ያልሽውን መልሰሽ ውሰጂው። አንድ ማታ ሻይ አፍልተሽ ስለ ወንድሙ ጠይቂው፤ ምን ይወድ እንደነበር፣ በምን ይጣሉ እንደነበር። በዚህ ሁሉ ገጽ ውስጥ ስሙን እንኳ አልጻፍሽልኝም። ላያወራሽ ይችላል፤ አትቸኩዪ። ጉዳዩን ለስዊዘርላንድ ቀይ መስቀል የጠፉ ሰዎች ፍለጋ ክፍል አመልክቶ እንደሆነም ጠይቂው። ውጤቱን ቃል ልገባልሽ አልችልም፤ አብራችሁ መሄዳችሁ ግን ለሱ ትንሽ ነገር አይሆንም። ከዚያ ሁለታችሁም በአካል ባለሙያ ዘንድ ብትቀርቡ እመርጣለሁ፤ በተለይ ከስደተኞች ጋር የሚሠራና አስተርጓሚ የሚያቀርብ። በደብዳቤ የማልደርስበት ብዙ ነገር አለ።

የእናትሽን ፎቶ ግን ዛሬውኑ ስቀዪው። ለዚያ የማንንም ፈቃድ አትጠብቂ።