የአንባቢያን ጥያቄ፦ ማሳው ሲሄድ ጉድጓዱም ይሄዳል?

በዚህ እትም ከደሴና ከኮምቦልቻ የደረሱንን ሦስት ደብዳቤዎች አብረን እናስተናግዳለን። ሦስቱም ስለ መሬት ይጠይቃሉ፤ ሦስቱም ዞረው ዞረው ውሃ ላይ ያርፋሉ።

ጥያቄ፦ የምንኖረው ኮምቦልቻ ከተማ ጫፍ ላይ ነው። አባቴ ሁለት ጥማድ መሬት አላቸው፤ በክረምት ጤፍና ማሽላ፣ በበጋ ደግሞ በእጅ ከተቆፈረ ጉድጓድ እየቀዱ ሽንኩርትና ጥቅል ጎመን ያለማሉ። የጎረቤቶቻችን ማሳ ተራ በተራ ወደ ቤትና ወደ መጋዘን እየተለወጠ ነው፤ የከተማው ወሰንም ወደ እኛ ይሰፋል እየተባለ ይወራል። ድሮ ግንቦትን ይሻገር የነበረው ጉድጓዳችን ዘንድሮ ገና በሚያዝያ መጨረሻ ደረቀ። አባቴ «ውሃው የሄደው ማሳው ስለሄደ ነው» ይላሉ። ታላቅ ወንድሜ ደግሞ ካሳውን ተቀብለን ከተማ ውስጥ ሱቅ እንክፈት ባይ ነው። ትክክለኛው ማን ነው? መሬቱን ለማቆየትስ የምንይዘው ሕግ አለ?

መልስ፦ የአባትዎን አባባል የሽማግሌ ብሶት ነው ብለው አይለፉት። ኮምቦልቻ የተቀመጠችበት ሜዳ የቦርከና ወንዝና ከየአቅጣጫው የሚገቡበት ጅረቶች ከተራራው እያጠቡ ባመጡት አሸዋ፣ ጠጠርና ደለል የተሞላ ነው። በዙሪያው ያሉት ተራሮች ጥቁር ድንጋይ ናቸው፤ ውሃ ተጠራቅሞ የሚቀመጠው በአብዛኛው በዚህ ሜዳ ሆድ ውስጥ ነው። ስለዚህ ለእርሻ የተመቸው ሜዳና የውሃው ጎተራ አንድ ቦታ ናቸው። በዚህ ሸለቆ ስለ እርሻ መሬት ብቻውን፣ ስለ ውሃ ደግሞ ብቻውን መነጋገር የማይቻለውም ለዚህ ነው።

ሒሳቡን በእርስዎ ማሳ ላይ እንሥራው። በኮምቦልቻ አካባቢ በዓመት 1,000 ሚሊ ሜትር ገደማ ይዘንባል። አንድ ሚሊ ሜትር ዝናብ በአንድ ካሬ ሜትር ላይ አንድ ሊትር ውሃ ማለት ነው። ሁለት ጥማድ ግማሽ ሄክታር፣ ማለትም 5,000 ካሬ ሜትር ስለሆነ፣ በአባትዎ ማሳ ላይ በዓመት አምስት ሚሊዮን ሊትር ያህል ይወርዳል፤ በ20 ሊትር ጄሪካን ቢቆጠር 250,000 ጄሪካን ነው። ከዚህ ውስጥ ብዙው በሰብሉና በፀሐይ ተመልሶ ወደ ሰማይ ይሄዳል፣ ከፊሉ በጎርፍ ይወርዳል፣ የተረፈው ሰርጎ ጉድጓድዎን ይመግባል። ማሳው ቆርቆሮና ሲሚንቶ ሲለብስ የሚሰርገው ድርሻ ወደ ቦዩ ይዞራል፤ ቦዩ ወደ ቦርከና ያደርሰዋል፣ ቦርከናም ወደ ጨፋ ረግረግ ይዞት ይወርዳል። ወራት ከርሞ በግንቦት ሊቀዳ የሚችለው ውሃ በሐምሌ፣ በግማሽ ቀን ውስጥ ላይመለስ ያልፋል።

ይህን በዓይንዎ ማየት ከፈለጉ አንድ የቲማቲም ድልህ ቆርቆሮ ክዳኑንም ታችኛውንም ቆርጠው ያውጡ። አራት ጣት ያህል ወደ ታረሰው መሬት ያስገቡት፣ በአንድ ብርጭቆ ውሃ ይሙሉትና እስኪሰርግ ሰዓት ይያዙ። ከዚያ እዚያው አጠገብ መኪና በደመደመው የመጋዘን ግቢ ላይ ይድገሙት። ሁለተኛውን ቆመው መጠበቅ ይሰለችዎታል።

ሆኖም ጉድጓድዎ የደረቀው በዚህ ብቻ ነው ብዬ አልፈርድም። ጎረቤት ጠልቆ አስቆፍሮ በሞተር የሚስብ ከሆነ የእርስዎ ውሃ ወደ እሱ ይሸሻል፤ በልጉ ከቀረም ጉድጓድ ከበጋው ሳያገግም ሰኔን ይቀበላል። ሦስቱን ለመለየት ያለው መንገድ መለካት ነው። በገመድ ጫፍ ድንጋይ ይሰሩ፣ በየአንድ ሜትሩ ይቋጥሩ፣ በየወሩ መጀመሪያ ማለዳ ሳይቀዳ በፊት ከጉድጓዱ አፍ እስከ ውሃው ያለውን ርቀት ለክተው በደብተር ይጻፉ። ከጎን የዝናቡን ቀናት ያስፍሩ። የሁለት ዓመት ደብተር በስብሰባ ላይ ከሃያ ሰው ንግግር ይበልጣል፤ ይህን ስል ብዙ ስብሰባ ተቀምጬ ነው።

ወደ ሕጉ እንምጣ። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 40 ገበሬው መሬት በነፃ የማግኘትና ከመሬቱ ያለመነቀል መብት እንዳለው ይደነግጋል። ያው አንቀጽ መንግሥት ለሕዝብ ጥቅም አስፈላጊ ሆኖ ሲያገኘው፣ ተመጣጣኝ ካሳ በቅድሚያ ከፍሎ፣ የግል ንብረትን ሊወስድ እንደሚችልም ያስቀምጣል። ዝርዝሩ ያለው በ2011 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ ቁጥር 1161 ሲሆን፣ በ2016 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 1336 ስለተሻሻለ ሁለቱን አብረው ማንበብ ይኖርብዎታል። አዋጅ 1161 ተነሺው መሬቱን ከማስረከቡ ቢያንስ አንድ ዓመት በፊት ስለ ፕሮጀክቱ እንዲመከር ያዛል፤ አጣዳፊ ለሚባሉ ፕሮጀክቶች ብቻ ጊዜው ያጥራል። ባለይዞታው አቅሙ ካለው በፕላኑ መሠረት ራሱ ወይም ከጎረቤቶቹ ጋር ተደራጅቶ መሬቱን የማልማት ቅድሚያ መብት ይሰጠዋል። ይህን መብት ሳያውቁ ፈርመው የሚወጡ ሰዎች ስላጋጠሙኝ ደጋግሜ የማነሣው ጉዳይ ነው።

የካሳው ስሌት ይህን ይመስላል። ምትክ የእርሻ መሬት ሳይሰጠው በቋሚነት የሚነሣ ገበሬ ካለፉት ሦስት ዓመታት የበለጠውን ዓመታዊ ገቢ በ15 አባዝቶ ያገኛል። ለምሳሌ ያህል የአባትዎ ምርጥ ዓመት ገቢ 40,000 ብር ቢሆን ካሳው 600,000 ብር ይሆናል ማለት ነው። ታላቅ ወንድምዎ ይህን ገንዘብ ሲያይ ሱቅ ቢመኝ አልነቅፈውም፤ ሱቅ የሚያውቅ ሰው በሱቅ ይኖራል። ነገር ግን ገንዘቡ የአሥራ አምስት ዓመት ምርት ነው፣ በዚያ ላይ የዋጋ ንረቱ አለ፤ አባትዎ ያን መሬት ከአሥራ አምስት ዓመት በላይ አርሰውታል፣ ገና የሚያርስ ልጅም አላቸው። ገቢው የሚሰላው በማስረጃ ስለሆነ የበጋውን ሽንኩርትና ጎመን ጨምሮ ሽያጩን ከዛሬ ጀምሮ ይመዝግቡ። ብዙ ገበሬ የክረምቱን ጤፍ ብቻ አስቆጥሮ የመስኖውን ይረሳዋል።

ከዚህ እንደሚረዱት አንድን ማሳ ብቻውን ከመነካት የሚያድን ሕግ የለም። መሬት የሚተርፈው ፕላን ላይ ነው። በከተማ ፕላን አዋጅ ቁጥር 574/2000 መሠረት መዋቅራዊ ፕላን፣ ማለትም የከተማው መሬት የቱ ለምን እንደሚውል የሚያሳየው ዋና ፕላን፣ ለ10 ዓመት ያገለግላል፤ ከመጽደቁ በፊትም ሕዝብ እንዲመክርበት ይቀርባል። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 92 ሕዝቡ በቀጥታ በሚመለከቱት የአካባቢ ፖሊሲዎችና ፕሮግራሞች ላይ ሐሳቡን የመስጠት መብት እንዳለው ይናገራል። ወሬውን ትተው ረቂቁ ፕላን ሲወጣ ለማየት በጽሑፍ ይጠይቁ። ረቂቁን ሲያገኙ መጀመሪያ የሚያዩት የእርስዎ ማሳ በምን ቀለም እንደተቀባ ነው። እኔ ወጣት ባለሙያ ሳለሁ በሠራሁበት አንድ ፕላን ላይ ቤቱ ቡኒ፣ ፋብሪካው ሐምራዊ፣ መንገዱ ግራጫ ሲሆን እርሻው ግን ነጭ ወረቀት ሆኖ ቀርቶ ነበር። ነጭ ቦታ በፕላን ቋንቋ «ገና ያልተያዘ» ማለት ነው። እነዚያን ወረቀቶች ከሣሉት እጆች አንዱ የእኔ ስለነበር ዛሬም ያሳፍረኛል። ስለዚህ በምክክሩ ላይ «መሬታችን አይነካ» ከማለት ይልቅ «በመስኖ የሚለማው ሜዳና የወንዙ ዳር በእርሻና በውሃ ጥበቃ ስም አረንጓዴ ይቀባ፤ መጋዘኑ ተዳፋቱ ወደማያስቸግረው የተራራ ግርጌ ይሂድ» ቢሉ የሚያዳምጥዎ ባለሙያ ያገኛሉ።

ይህን ስል ኮምቦልቻ ፋብሪካ አያስፈልጋትም ማለቴ አይደለም። ከተማዋ ከ1970ዎቹ የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ጀምሮ የኢንዱስትሪ ከተማ ናት፤ በ2009 ዓ.ም. ሐምሌ ላይ የተመረቀው የኢንዱስትሪ ፓርክ የመጀመሪያ ምዕራፍ ብቻ 75 ሄክታር ይዟል። ሥራ የሚፈልገውም የገበሬው ልጅ ነው። ነገር ግን ፋብሪካውም፣ ሠራተኛውም፣ ሽንኩርቱም የሚጠጡት ከአንድ ሜዳ ሥር ነው። የውሃ ሀብት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 197/1992 ለቤት ውስጥ አገልግሎት የሚውል ውሃ ከማንኛውም ሌላ አጠቃቀም ይቅደም ይላል። በእጅ ለተቆፈረ ጉድጓድና ለባህላዊ መስኖም ፈቃድ አይጠይቅም፤ ማንም መጥቶ የጉድጓድ ፈቃድ የለህም ቢልዎ ይህን ቁጥር ይጥቀሱለት።

ጥያቄ፦ ጡረታ የወጣሁ የደሴ መምህር ነኝ። ከተማችን ወደ ገራዶ በኩል የእርሻውን ሜዳ እየበላች ስትሄድ አያለሁ። ተራራው ባዶ ቆሞ ሳለ ሜዳውን ለምን እንነካለን? ቤቱ ወደ ላይ ቢወጣ፣ እርሻው ለገበሬው ቢቀር ምን ይጎዳል?

መልስ፦ መምህር፣ ሐሳብዎ ያስደስታል፤ ደሴ ላይ ግን ተራራው ባዶ የቆመበት ምክንያት አለው። ከተማዋ በጦሳ ተራራና በአዝዋ ገደል መካከል በጠባብ ቦታ ተጨናንቃለች። ተዳፋቱም በክረምት እየተንሸራተተ ቤትና መንገድ ሲሰነጥቅ እርስዎም ከእኔ ይልቅ ብዙ አይተዋል። ገደሉ ተቆርጦ ቤት ሲሠራበት ግርጌው ድጋፍ ያጣል፤ የሽንት ቤትና የእጥበት ውሃ ሲገባበት ደግሞ አፈሩ ይከብዳል፣ ይላላልም። በ1997 ዓ.ም. የወጣው የገጠር መሬት አዋጅ ቁጥር 456 ተዳፋቱ ከ60 በመቶ የበለጠ መሬት ለዛፍ፣ ለቋሚ ተክልና ለመኖ እንጂ ለእርሻና ለልቅ ግጦሽ እንዳይውል፣ ከ31 እስከ 60 በመቶ ያለውም እርከን ሳይሠራበት ዓመታዊ ሰብል እንዳይዘራበት ደንግጎ ነበር። ይህ የተጻፈው ለእርሻ ነው፤ ለማረሻ የከበደ ቁልቁለት ለባለ ፎቅ አይቀልም።

መለኪያውን የግብርና ሠራተኞች ያውቁታል። እኩል ቁመት ያላቸው ሁለት እንጨቶች፣ የ10 ሜትር ሲባጎና መሐሉ ላይ የሚንጠለጠል ትንሽ ውሃ ልክ ነው። ውሃ ልኩ እስኪተካከል ድረስ ሲባጎው የላይኛው እንጨት ጋ ከጫፉ ሦስት ሜትር ዝቅ ብሎ ከታሰረ ተዳፋቱ 30 በመቶ ነው።

ለገራዶ የሚበጀው መልስ ወደ ተራራ መውጣት ሳይሆን፣ ቀድሞ በተያዘው ቦታ ላይ ወደ ላይ መሥራት ይመስለኛል። በደሴ መሐል አሮጌ የጭቃ ቤት ሰፊ ግቢ ይዞ ተቀምጧል፣ ጫፉ ላይ ግን በአንድ ሌሊት የሚበቅል ጨረቃ ቤት ማሳ ይበላል። መንገድ፣ መብራትና የውሃ መስመር የተዘረጋበትን መሐል አጠጋግቶ መሥራት ለከተማው ርካሽ ነው። ለፖለቲካው ግን ከባድ ነው፤ የማሳ ባለቤት አንድ ገበሬ ሲሆን፣ የመሐል ከተማ ግቢ ተከራይም፣ ወራሽም፣ ክርክርም አለው።

አንድ ነገር ልጨምር። ደሴ ከባሕር ወለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ስትሆን ኮምቦልቻ ከ600 ሜትር በላይ ዝቅ ትላለች። ከደሴ ተዳፋት የተነሣ ጎርፍና አፈር የሐረጎን ዳገት በመኪና የምናቋርጠውን አገር በቦርከና በኩል ዞሮ ኮምቦልቻ ሜዳ ላይ ይደርሳል፤ ከዚያም የአፋርና የኦሮሞ ከብት አርቢዎች በበጋ ወደሚሰበሰቡበት የጨፋ ረግረግ ይቀጥላል። ሁለቱ ከተሞች፣ ደሴ ዙሪያና ቃሉ ወረዳዎች የየራሳቸውን ፕላን ለብቻቸው ሲሠሩ ወንዙ በማንኛቸውም ካርታ ላይ ሙሉ ሆኖ አይታይም። የመምህርነት ጊዜዎ ተርፎልዎ ከሆነ፣ በሚቀጥለው ምክክር «ከወሰናችን በታች ያለው ሰው ተጠርቷል ወይ?» ብለው ይጠይቁልን።

ጥያቄ፦ በቦርከና ዳር አሸዋ እያወጡ የሚሸጡ ወጣቶች አሉ። እንጀራቸው ስለሆነ ልንከለክላቸው አንፈልግም፤ ነገር ግን ከወንዙ አጠገብ ያሉት የመስኖ ጉድጓዶች ዝቅ እያሉ ነው። ግንኙነት አለው?

መልስ፦ አለው። በወንዝ ዳር ያለ ጉድጓድ ውሃ በበጋ ከወንዙ ወለል ጋር ይመጣጠናል። አሸዋው ተዝቆ ወለሉ አንድ ሜትር ሲጠልቅ ከጎን ያለው የመሬት ውሃ ወደ ወንዙ እየተንጠፈጠፈ አብሮ ይወርዳል፤ ዳሩም ይናዳል። አሸዋው ራሱ የክረምቱን ውሃ ይዞ የሚያቆይ ስፖንጅ ነበር። ወጣቶቹን ሳታባርሩ ማድረግ የምትችሉት ከቀበሌው ጋር ሆናችሁ የሚዛቅበትን ቦታ መለየት ነው። ከድልድይና ከጉድጓዶች የራቀ፣ ክረምት በየዓመቱ አዲስ አሸዋ የሚያከማችበት የወንዙ የውስጥ መታጠፊያ ይመረጥ። ዳር ላይ አንድ የብረት ዘንግ ተተክሎ በቀለም መስመር ይሠመርበት፤ የበጋው ውሃ ከመስመሩ በታች ሲወርድ የዚያ ቦታ ቁፋሮ ቆሞ ቀጣዩን ክረምት ይጠብቅ። መስመሩን የሚያሠምሩት ወጣቶቹና የመስኖ ተጠቃሚዎቹ አብረው ቢሆኑ ይመረጣል፤ ቀለሙን በሌሊት የሚፍቅ አይኖርም።