«ገብቶኛል» ካልኩ በኋላ እንዴት ልጠይቅ?

ጥያቄ፦ ከሦስት ሳምንት በፊት በአንድ ድርጅት የሂሳብ ክፍል ተቀጥሬያለሁ። በቃለ መጠይቁ ወቅት የድርጅቱን የሂሳብ ሶፍትዌር አውቀው እንደሆነ ስጠየቅ፣ ተማሪ ሳለሁ ከመነካካት ያለፈ ልምድ ሳይኖረኝ «በደንብ እሠራበታለሁ» ብዬ መለስኩ። በመጀመሪያው ቀን የሥራ ባልደረባዬ አሠራሩን ስታሳየኝም «ገብቶኛል» አልኩ። አሁን ብጠይቅ ዋሽቷል እንዳልባል፣ ዝም ብል እንዳልሳሳት ፈርቻለሁ። ምን ይሻለኛል?

መልስ፦ ውድ ጠያቂያችን፣ ዛሬ ነገ ሳይሉ ይጠይቁ። በቃለ መጠይቁ ላይ ችሎታዎን አጋንነው መናገርዎ ስህተት ነበር፤ ሆኖም ሦስት ሳምንት የቆየ ዝምታ ሦስት ወር ከቆየው ይልቅ በቀላሉ ይታረማል።

በእርስዎ ሙያ ዝምታው የሚያስከትለው ጉዳት ቶሎ አይታይም። ለምሳሌ ለጥገና የወጣ ገንዘብ በወጪ ፈንታ በቋሚ ንብረት ሂሳብ ቢመዘገብ፣ ዴቢቱና ክሬዲቱ (በሂሳብ መዝገቡ ግራና ቀኝ የሚሰፍሩት መጠኖች) እኩል ስለሆኑ ትሪያል ባላንሱ (የሁለቱ ድምር እኩል መሆኑ የሚታይበት ዝርዝር) ምንም ሳያሳይ ያልፋል፤ ስህተቱ የሚገኘው ሌላ ሰው ሰነዶቹን አንድ በአንድ ሲያመሳክር ነው። ያን ጊዜ የሚነሳው ጥያቄ ስለ ሶፍትዌሩ ብቻ ሳይሆን ስለ እርስዎ ታማኝነትም ይሆናል።

ስለዚህ የቅርብ አለቃዎን ለብቻቸው አግኝተው «ሶፍትዌሩን የማውቀው በተማሪነቴ ጊዜ ነው፤ በቃለ መጠይቁ ላይ ካለኝ ልምድ በላይ ተናግሬያለሁ፤ ደረሰኝ ማስገባቱን ችያለሁ፣ የተሳሳተ ምዝገባ ማረሙን ግን እንዲያሳዩኝ እፈልጋለሁ» ይበሉ። የቻሉትንና ያልቻሉትን ለይተው ሲናገሩ አለቃዎ የሚያግዙበትን ቦታ ያውቃሉ፤ «ምንም አልገባኝም» ማለት ግን ሁለታችሁንም ግራ ያጋባል። ረጅም ይቅርታም አያስፈልግም።

ባልደረባዎ ያሳየችዎትን መርሳትዎም የስንፍና ምልክት አይደለም። ጀርመናዊው የሥነ ልቦና ተመራማሪ ኸርማን ኤቢንግሃውስ እ.ኤ.አ. በ1885 ባሳተመው ጥናት፣ የተጠና ነገር በብዛት የሚረሳው በመጀመሪያዎቹ ሰዓታት ውስጥ መሆኑን በራሱ ላይ ባደረገው ሙከራ አሳይቷል። አዲስ ሠራተኛ ደግሞ በአንድ ቀን የሰው ስም፣ የይለፍ ቃልና የአሠራር ደንብ ይወርድበታል። እኔ ሥራ በጀመርኩ ሰሞን ያዳነኝ ትንሽ ማስታወሻ ደብተር ነው፤ የተነገረኝን እዚያው በራሴ ቃል እጽፍና «እንዲህ ነው የተረዳሁት፣ ልክ ነኝ?» ብዬ መልሼ አነብ ነበር። ይህን ያደረግሁባቸውን ነገሮች ሁለተኛ የጠየቅሁበት ጊዜ ትዝ አይለኝም።

ገና ለቃለ መጠይቅ የምትዘጋጁ አንባቢዎች ተመሳሳይ ጥያቄ ሲቀርብላችሁ «ሞክሬዋለሁ፣ በሥራ ላይ ግን አልተጠቀምኩበትም» ካላችሁ በኋላ፣ ከዚህ በፊት አንድ አዲስ ነገር በምን ያህል ጊዜና እንዴት እንደለመዳችሁ በእውነተኛ ምሳሌ አስረዱ።

እርስዎ ግን አለቃዎን ሲያነጋግሩ አንድ ነገር ይጨምሩ፦ የወሩ ሂሳብ ከመዘጋቱ በፊት፣ እስካሁን ያስገቧቸውን ደረሰኞች አንድ ሰው አብሮዎት እንዲያይ ይጠይቁ።