ቶማስ ካፕ ለምን በሦስት አገሮች እጅ ብቻ ከረመ?

ወንድሜ፣ የጠየቅከው ሁለት ነገር ነው፤ ማሌዢያ ሊ ቾንግ ዌይን የሚያህል የባድሚንተን ተጫዋች ይዛ በእሱ ዘመን ቶማስ ካፕን፣ የወንዶች ብሔራዊ ቡድኖችን የዓለም ዋንጫ፣ ለምን አጣችው? ዋንጫውስ ለዘመናት ከጥቂት አገሮች እጅ ለምን አልወጣም? ለእኔ የሁለቱም መልስ አንድ ነው። ይህን ዋንጫ የሚያስገኘው ሦስተኛው ነጠላ ተጫዋች፣ ማለትም ዛሬ 2 ለ 2 ሲሆን የመጨረሻውን ጨዋታ የሚጫወተው ነው። እኔም በክለብ ግጥሚያ የምሰለፈው እዚያ ቦታ ስለሆነ ሳላዳላ አልቀርም።

ሐሳቡን ያመጣው እንግሊዛዊው ሰር ጆርጅ ቶማስ ነው። ከ1920 እስከ 1923 እ.ኤ.አ. (ዓመቶቹ ሁሉ በዚሁ አቆጣጠር ናቸው) ኦል ኢንግላንድ የተባለውን ታላቅ የባድሚንተን ውድድር በነጠላ በተከታታይ ያሸነፈ፣ በቼዝም የዓለም ሻምፒዮን የነበረውን ካፓብላንካን የረታ ሰው ነበር። ዋንጫውን በ1939 ቢያበረክትም ጦርነቱ አዘገየውና የመጀመሪያው ውድድር በ1948–49 ተካሄደ። ፕሬስተን ላይ በተደረገው ፍጻሜ ማላያ ዴንማርክን 8 ለ 1 አሸነፈች።

ውጤቱ እንዲህ የሰፋው ያኔ አንድ ግጥሚያ ዘጠኝ ጨዋታ ስለነበረው ነው፤ አምስት ነጠላ፣ አራት ጥንድ። አንድ ጎበዝ ብቻውን ይህን ሁሉ አይሸከምም። ብዙ ጥሩ ተጫዋች ያለው አገር ያሸንፋል፤ እነሱም ማላያ (በኋላ ማሌዢያ)፣ ከ1958 ጀምሮ ኢንዶኔዢያ፣ በ1982 ደግሞ ገና በመጀመሪያ ተሳትፎዋ ኢንዶኔዢያን 5 ለ 4 የረታችው ቻይና ነበሩ። ዴንማርክ በ1964 ቶኪዮ ላይ በአንድ ጨዋታ ልዩነት ቀረች።

የ1967ቱ ግን ለብቻው ሊወራ የሚገባው ነው። ጃካርታ ላይ ማሌዢያ 4 ለ 3 እየመራች ሳለ የተመልካቹ ረብሻ ከልክ አለፈና ዳኛው ኸርበርት ሺል ጨዋታውን አስቆሙት። ዓለም አቀፉ የባድሚንተን ፌዴሬሽን ቀሪው ኒውዚላንድ ላይ ይጠናቀቅ ብሎ ወሰነ፤ ኢንዶኔዢያ አልሄድም አለች። ዋንጫው 6 ለ 3 ተብሎ ለማሌዢያ ተሰጠ። በሜዳህ እየተመራህ፣ ሌላ አህጉር ሄደህ ጨርስ ስትባል እምቢ ማለት ይገባኛል፤ ውሳኔው ግን ትክክል ነበር ባይ ነኝ።

ከ1984 ጀምሮ ጨዋታው ወደ አምስት ወረደ፤ ሦስት ነጠላ፣ ሁለት ጥንድ፣ በየሁለት ዓመቱ። ይህ በሩን ወዲያው የከፈተ እንዳይመስልህ። እነዚያው ሦስቱ እስከ 2012 ድረስ ሌላ ሰው አላስነኩም። ኢንዶኔዢያና ቻይና ብሔራዊ ተጫዋቾቻቸውን አንድ ካምፕ ውስጥ ሰብስበው ስለሚያሠለጥኑ፣ ሦስተኛቸው የሚለማመደው ከአንደኛቸው ጋር ነው። እኛ ክለብ ውስጥ ሦስተኛው ከአራተኛው ጋር ነው የሚለማመደው፤ ልዩነቱ 2 ለ 2 ሲሆን ይታያል።

አሁን ወደ ሊ ቾንግ ዌይ። በ2014 የኒው ዴልሂ ፍጻሜ እሱ የራሱን ጨዋታ አሸንፏል። ግን 2 ለ 2 ሆነና በመጨረሻው ነጠላ የጃፓኑ ታኩማ ኡዌዳ ዳረን ሊውን ረታ፤ ጃፓን ለመጀመሪያ ጊዜ ዋንጫውን ወሰደች። ከሁለት ዓመት በኋላ በቻይናዋ ኩንሻን በተደረገው ፍጻሜም ዋንጫውን የወሰነው ሦስተኛው ነጠላ ነው። ከዚያ በፊት ስምንት ፍጻሜ የተሸነፈችው ዴንማርክ ቪክቶር አክስልሰንን የመሰለ አንደኛ ተጫዋች ነበራት፤ ነገር ግን በ2 ለ 2 ገብቶ ኢንዶኔዢያን ያሰናበታት ሃንስ ክርስቲያን ቪቲንጉስ ነው። ከአውሮፓ ይህን ዋንጫ ያነሳ የመጀመሪያው ቡድን ያ ነው።

በ2022 ባንኮክ ላይ ደግሞ የህንዱን ፕራኖይ ተመልከት። ሩብ ፍጻሜው ከማሌዢያ፣ ግማሽ ፍጻሜው ከዴንማርክ 2 ለ 2 ሲሆኑ ሁለቱንም የቋጨው እሱ ነው። በፍጻሜው ግን ህንድ ኢንዶኔዢያን በሦስት ተከታታይ ጨዋታ ስለጨረሰቻት ፕራኖይ ሜዳ ሳይገባ ሻምፒዮን ሆነ።