ትሮምቦን ነፊውን ፈልጉት

ውድ ልጆቼ፣

ባለፈው የትምህርት ዕረፍት የአንድ ወዳጄ ልጅ ቤቴ መጥቶ ነበር። አሥራ ሰባት ዓመቱ ነው። በጃኬቱ ደረት ላይ እንደ ዳማ ገበታ ጥቁርና ነጭ የተፈራረቀበት ክብ ምልክት ሰክቶ፣ ቡናው እስኪፈላ እንኳ ሳይታገሥ ፐንክ ስለሚባለው ፈጣንና ቁጡ ሮክ፣ ስካ ስለሚባለውም የጃማይካ ጭፈራ ሙዚቃ ያወራኝ ጀመር። አባቱ የላከው «ይህን ጩኸት እንዲተው አንተ ምከርልኝ» ብሎ ነው። እኔ ግን ሠላሳ ዓመት ያህል ከሚክሰር ጀርባ ቆሜ እንጀራዬን የበላሁ የድምፅ ባለሙያ ነኝና፣ ሙዚቃ ተው ብዬ ለመምከር አፌ አልታዘዘኝም። ለእርሱ የነገርሁትን ለእናንተም ልጽፍላችሁ የወደድሁት፣ እንደ እርሱ ዓይነት ልጆች ከአንድ በላይ ስለገጠሙኝ ነው።

መጀመሪያ ስካን በእጁ እንዲያሳየኝ ጠየቅሁት። የባንዶቹን ስም፣ ባርኔጣቸውንና ጫማቸውን ጠንቅቆ ያውቃል፤ ጠረጴዛውን ሲመታ ግን ተቸገረ። እኔ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ አራት እያልሁ ሲኒውን በማንኪያ ሳንኳኳ፣ እርሱ በምቶቹ መካከል ባለው ክፍተት ላይ ብቻ፣ ማለትም «አንድ እና ሁለት እና» ብለን ስንቆጥር «እና» በምንልበት ቦታ ላይ እንዲመታ ነገርሁት። ሦስት ጊዜ በትክክል ይመታና በአራተኛው እጁ ተስቦ ከማንኪያዬ ጋር ይገጥማል። የስካ ጊታርና ፒያኖ የሚኖሩት እዚያ ክፍተት ውስጥ ነው፤ አጭር፣ ተመትቶ ወዲያው የሚታፈን ድምፅ ነው። በየሰርጉ ችክችካ እያጨበጨበ ያደገ እጅ የራሱ ልማድ ስላለው፣ መጀመሪያ እንቢ ማለቱ አያስገርምም። ሃያ ደቂቃ ፈጀብን፤ ቡናውም ቀዘቀዘ። በመጨረሻ ሲገባው ግን ስለ ባርኔጣው ማውራቱን አቆመ።

ይህ ምት የተወለደው በ1950ዎቹ መጨረሻ በጃማይካ ዋና ከተማ በኪንግስተን ነው (ዓመታቱን ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ነው የምጽፈው)። በዚያን ጊዜ ትላልቅ ድምፅ ማጉያዎችን በየሰፈሩ እየተከሉ ሕዝቡን የሚያስጨፍሩ፣ ሳውንድ ሲስተም የሚባሉ ባለቤታቸው የተለያየ ቡድኖች ነበሩ። የሚያጫውቱት የአሜሪካ ጥቁሮች ሸክላ ነበር፤ አዲሱ የአሜሪካ ሙዚቃ ከኪንግስተን ጆሮ ጋር አልስማማ ሲል ግን ባለቤቶቹ የራሳቸውን ሰው ማስቀዳት ጀመሩ። ማን ተገኘ? ብዙዎቹ አልፋ በሚባለው፣ የካቶሊክ መነኮሳት ለድሆችና ለችግረኛ ወንዶች ልጆች ያስተዳድሩት በነበረው ትምህርት ቤት፣ በማርሽ ባንዱ ውስጥ የትንፋሽ መሣሪያ የተማሩ ነበሩ። በ1964 ስካታላይትስ የተባለውን የስካ ባንድ ከመሠረቱት ውስጥ ቶሚ ማኩክ፣ ዶን ድራሞንድ፣ ጆኒ ሙርና ሌስተር ስተርሊንግ የዚያ ትምህርት ቤት ልጆች ናቸው። እኛም ብንሆን የዘመናዊ ሙዚቃችን አንድ ሥር በ1924 ከኢየሩሳሌም ከመጡት አርባ የአርመን ወላጅ አልባ ልጆች የማርሽ ባንድ የሚመዘዝ ስለሆነ፣ ይህን ታሪክ ስሰማ ባዕድ አልሆነብኝም።

ስካታላይትስ አብረው የቆዩት ከአንድ ዓመት ብዙም ለማይበልጥ ጊዜ ነው። በዚያ አጭር ጊዜ ከቀዷቸው መካከል «አዲስ አበባ» የሚል ርእስ ያለው የመሣሪያ ሙዚቃ ይገኛል። ይህን ስነግረው ልጁ ቀና ብሎ አየኝ፤ ስካን እንግሊዞች የፈጠሩት ይመስለው ነበርና። ጃንሆይ በሚያዝያ 1966 ኪንግስተን ሲያርፉ፣ ሕዝቡ አጥር ጥሶ አውሮፕላኑን በከበበበት በዚያ ቀን፣ ስካ ረገብ እያለ ወደ ሮክስቴዲ መለወጥ ይዞ ነበር፤ ከዚያም ሬጌ መጣ።

አሁን ወደ ዋናው ነገሬ ልግባ። በጃኬቱ ላይ የሰካው ምልክት የመጣው በ1979 ጄሪ ዳመርስ የተባለ ሙዚቀኛ በእንግሊዟ ከተማ በኮቨንትሪ ከመሠረተው ቱ ቶን ከተባለ የሸክላ አሳታሚ ነው። ኮቨንትሪ የመኪና ፋብሪካ ከተማ ነበረች፤ ሥራው እየቀዘቀዘ፣ ጥቁሮች ይውጡልን የሚሉ ቡድኖችም በየአደባባዩ እየጮኹ ነበር። ስፔሻልስ የሚባለው የዳመርስ ባንድ ነጭና ጥቁር ልጆችን በአንድ መድረክ ላይ አቁሞ፣ የፐንክን ፍጥነትና ቁጣ ከወላጆቻቸው ዘመን የጃማይካ ምት ጋር አጋባ። ይህን ሁሉም ያውቀዋል። እኔ እንድታውቁልኝ የምፈልገው ሪኮ ሮድሪገስን ነው። ሪኮ የአልፋ ትምህርት ቤት ልጅ ነው፤ እዚያው በዕድሜ የሚበልጠው ዶን ድራሞንድ ትሮምቦን የሚባለውን ባለ ተንሸራታች ቱቦ የትንፋሽ መሣሪያ አስተምሮታል። በ1961 ወደ እንግሊዝ ተሻገረ። በ1967 ዘፋኙ ዳንዲ ሊቪንግስተን ለአንድ ሥርዓት የለሽ ወጣት ምክር የሚሰጥ ዘፈን ሲቀዳ፣ በትሮምቦን ያጀበው ሪኮ ነበር። ከአሥራ ሁለት ዓመት በኋላ ስፔሻልስ ያንኑ ዘፈን «ኤ ሜሴጅ ቱ ዩ፣ ሩዲ» ብለው ሊቀዱ ሲነሡ ድምፁን የሚመስል ወጣት ነፊ አላፈላለጉም፤ ሄደው ራሱን ሪኮን ጠሩት። እርሱ ከአርባ ዓመት በላይ ነው፤ እነርሱ አብዛኞቹ በሃያዎቹ ውስጥ ናቸው። መጣና ነፋላቸው።

ይህን ቅጂ ደጋግማችሁ ስሙት፤ ትሮምቦኑ ሲገባ ልብ በሉ። አይቸኩልም። ልጆቹ ወደ ፊት ይገፋሉ፤ እርሱ ከምቱ ጥቂት ወደ ኋላ ተደግፎ ያልፋል። በሙያዬ ብዙ የተዋጣለት ነገር ሰምቻለሁ፤ እንዲህ ያለውን ትዕግሥት ግን በመሣሪያ ማስተካከል አልቻልሁም። የወደዳችሁትን ነገር ልብስ መልበስ ቀላል ነው፤ ያን ነገር የሠራው ሰው ገና በሕይወት እያለ ቤቱን ማንኳኳት ግን ሌላ ነው። እነዚያን ልጆች ከብዙ አስመሳዮቻቸው የለያቸው ይህ ይመስለኛል።

የፐንክን ነገር በአጭሩ ልለፈው። ከእርሱ የምትወስዱት ጸጉሩን ሳይሆን ፈቃድ አለመጠበቁን ነው። በዝኮክስ የሚባሉ የማንችስተር ልጆች በ500 ፓውንድ ብድር አራት ዘፈን ቀድተው፣ በጥር 1977 ሸክላውን ራሳቸው አሳተሙት። ፐንክ እንዲህ ነው ወይስ አይደለም እያላችሁ ሌሊቱን በክርክር ከምታነጉ፣ አንድ ገመድ መበየድ ብትማሩ ይሻላችኋል።

እኔም የማፍርበት ነገር አለኝ። በ1983 ዋሽንግተን ዲሲ ስገባ በምሽት መኪና ማቆሚያ እሠራ ነበር። ጸጉራቸውን የላጩ፣ ጃኬታቸውን በመርፌ ቁልፍ የያያዙ ልጆች ወደ ሙዚቃ አዳራሽ ሲሄዱ በፊቴ ያልፋሉ፤ እኔም «ዱርዬዎች» ብዬ ፊቴን አዞር ነበር። ባድ ብሬይንስ የተባሉት አራት ጥቁር ወጣቶች ከጃዝ ተነሥተው፣ በዚያችው ከተማ ከማንም የፈጠነ ፐንክ እየተጫወቱ፣ በመካከሉ ቆም ብለው ወደ ረጋ ያለ ሬጌ ይገቡ እንደነበርና፣ እምነታቸው ራስተፈሪያን ሆኖ የጃንሆይን ስም ይጠሩ እንደነበር የሰማሁት ዓመታት ካለፉ በኋላ ነው። ከኢትዮጵያ የመጣሁ ሰው ነበርሁ፤ ጠጋ ብሎ አንድ ጥያቄ መጠየቅ ምን ያስቸግረኝ ነበር? በኋላ በድምፅ ሥራ ስሰማራ የዚያው ከተማ ባንድ ፉጋዚ የመግቢያ ዋጋውን አምስት ዶላር ገደማ አድርጎ፣ ልጅ አዋቂ ሳይል በሩን ክፍት ማድረጉን ሳውቅ፣ ዱርዬ ያልኋቸው ልጆች ሒሳብ አያያዛቸው ከብዙ ጨዋ ነጋዴ የተሻለ እንደነበር ተረዳሁ።

ስለ ጆሯችሁ ሳልናገር ብተው ሙያዬን መካድ ነው። በአሜሪካ የሥራ ደኅንነት ተመራማሪዎች መመዘኛ መሠረት፣ ጆሮ 85 ዴሲቤል (የድምፅ ኃይል መለኪያ ነው) ድምፅን በቀን 8 ሰዓት ሊሸከም ይችላል፤ 3 ዴሲቤል በተጨመረ ቁጥር ሰዓቱ በግማሽ ይቀንሳል። 100 ዴሲቤል ላይ ሲደርስ የቀራችሁ 15 ደቂቃ ብቻ ነው፤ ጠባብ አዳራሽ ውስጥ ከድምፅ ማጉያ አጠገብ የቆመ ሰው ደግሞ ከዚያ በላይ ሊሰማ ይችላል። እኔ ወጣት ሳለሁ የጆሮ መድፈኛ ማድረግ የፈሪ ሥራ ይመስለኝ ነበር። ዛሬ ግራ ጆሮዬ ሌሊት ሌሊት እንደ ፌንጣ ይጮኻል፤ በማኅበር ላይ ሰዎች ሲያወሩ በአፋቸው እንቅስቃሴ ነው የምከተላቸው። መድፈኛው ከአንድ ጠርሙስ ለስላሳ የማይወደድ ነገር ነው፤ ኪሳችሁ ውስጥ ይኑር።

ልጁ ሰሞኑን ደወለልኝ። ከአሮጌ ዕቃ መሸጫ ትሮምቦን ገዝቶ ኖሮ፣ «ጋሼ፣ የሚንሸራተተው ቱቦ ተጣብቆ አልንቀሳቀስ አለኝ» አለ። እንዳይጎትተው፣ በመዶሻም እንዳይነካው አስጠነቀቅሁት፤ ቱቦው ከተጣመመ ጥገናው ከመሣሪያው ዋጋ ይበልጣልና። ቅዳሜ ይዞት ይመጣል። ለብ ያለ ውኃ፣ የዕቃ ማጠቢያ ሳሙናና ረጅም ብሩሽ አዘጋጅቻለሁ፤ አባቱም አብሮ እንዲመጣ ነግሬዋለሁ፤ ቡናውን እርሱ ያፈላልናል።