እርጎው አልረጋ ያለው በቫይረስ ይሆን?

ሰላም እህቴ። ወተቱ ከአንቲባዮቲክ ነጻ ነው፣ ሙቀቱም ልክ ነው፣ እርጎው ግን ከስምንት ሰዓት በኋላም አልረጋም፣ ባክቴሪያን የሚያጠቃ ቫይረስ አለ የሚሉት እውነት ነው ወይ ብለሽ ጠይቀሻል። አዎ፣ እውነት ነው። ፌጅ ይባላል። እርጎ ማምረቻ ውስጥ ስሠራ እንደሱ ያንገበገበኝ ነገር የለም።

ሰውን አይነካም። የሚያጠቃው ወተቱን የሚያረጉትን ባክቴሪያዎች ነው፣ በተለይ ስትሬፕቶኮከስ ተርሞፊለስን። ላያቸው ላይ ይለጠፍና ዲኤንኤውን ያስገባል፣ ውስጣቸው ይባዛል፣ ከዚያ አፈንድቷቸው ይወጣል። አንድ ሰዓት እንኳ ላይፈጅበት ይችላል። ለዚህ ነው እርጎው ደህና ጀምሮ መሀል ላይ ቀጥ የሚለው፤ ፒኤቹ (የኮምጣጣነት መለኪያው፣ ሲኮመጥጥ የሚወርደው) 4.6 መድረስ ሲገባው 5 እና ከዚያ በላይ ላይ ይቀራል። አንቲባዮቲክ ቢሆን ብዙውን ጊዜ ከመጀመሪያው ነው የሚለግመው።

እንዲህ አጣሪው። ካልረጋው ወተት ትንሽ ቅጂና ግማሹን ሩብ ሰዓት አፍይው። ከዚያ በአንድ ወተትና ከአዲስ ፓኬት በወጣ በዚያው እርሾ ሦስት ብርጭቆ አዘጋጂ። አንዱ ላይ ያልፈላውን ጠብ አድርጊበት፣ አንዱ ላይ የፈላውን፣ ሦስተኛውን እንዳለ ተይው። ያልፈላው የገባበት ብቻ ሳይረጋ ከቀረ ፌጅ ነው ብለሽ ሥራ ጀምሪ።

መጀመሪያ የትናንቱን እርጎ ለዛሬ እርሾ ማድረግ አቁሚ። ቫይረሱን በየቀኑ በእጅሽ እያሳደግሽው ነው። ቤት የሚረጋ እርጎ ብዙ ዓይነት ባክቴሪያ ስላለው አንዱ ሲጠቃ ሌላው ይሸፍናል፣ የፓኬት እርሾ ግን ጥቂት ዓይነት ብቻ ነው የሚይዘው።

ወተቱን ማሞቁም ብቻውን አያድንም፤ 72 ዲግሪ ላይ ለ15 ሰከንድ የሚደረገውን ፓስቸራይዜሽን የሚቋቋሙ ፌጆች አሉ፣ ደግሞም አብዛኛው ጣጣ የሚመጣው ወተቱ ከሞቀ በኋላ ነው። አጓት ወለል ላይ ይፈሳል፣ በውሃ ግፊት ሲታጠብ ጠብታው ይበንና ክፍት ጋን ውስጥ ይገባል። አጓቱን ከክፍሉ አውጪው፣ ጋኑን ክደኚ፣ ዕቃውን መጀመሪያ በደንብ እጠቢና ከዚያ በክሎሪን አጽጂው፤ ቆሻሻ ላይ የፈሰሰ በረኪና ብዙም አይሠራም።

እ.ኤ.አ. በ2007 የምግብ ግብዓት አምራቹ የዳኒስኮ ኩባንያ ተመራማሪዎች ስትሬፕቶኮከስ ተርሞፊለስ ከጥቃት ሲተርፍ የቫይረሱን ዲኤንኤ ቁራጭ ይዞ እንደሚቀርና በዚያ እንደሚከላከል አሳይተዋል፤ ክሪስፐር የሚባለው ነው። ቫይረሱም ግን ይለዋወጣል። ስለዚህ አቅራቢሽን የምታፈራርቂያቸው ሁለት ሦስት እርሾዎች ጠይቂው፣ አንድ ፌጅ ሁሉንም የማይመታቸው መሆናቸውንም ያረጋግጥልሽ። የፓኬቱ ስም ስለተለየ ባክቴሪያው ተለየ ማለት አይደለም።